አባሪ አራት

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ ኃይለ ጊዮርጊስ፤

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ከርመሃል? ያ የሚያንቀጠቅጥህ ጉንፋን ለቀቀህ? ባለቤትህስ? እኔ የቁስቋሟ እመቤት ትመስገን፣ ከሐሳብ በስተቀር ምንም አላመመኝም። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የሰደድከው ደብዳቤ ረቡዕ ደረሰኝ። መቼም አንተ ስትጠይቅ እንደ ፍርድ ቤት ነውና፣ ቁጥር እየሰጠህ የጠየቅኸኝን እኔም በየተራው ልመልስልህ።

ሚኒባሷ የት ቆመች ላልከው፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍ እንዳለች ነው፤ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት። ሹፌሩ ያሕያ እንደነገረኝ መጀመሪያ እንደ ሰው ሳል ሳል አደረጋት፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ጸጥ። ተሳፋሪው በዚያ ውርጭ ወርዶ ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ ወይ ፍንክች! ለሠርግ ወደ ዳባት የምትሄድ አንዲት ሴትዮ "የሰባት ወር ማኪና እንዲህ ካረጀች እኛስ ምን እንባል?" ብላ ሁሉንም አሳቀችው አሉ።

ከያሕያ ሌላ ማን ነዳት ላልከው፣ ማንም። የሸምሲያ ልጅ እኮ ነው። እኔና ሸምሲያ ሠላሳ ዓመት አብረን ገበያ የወጣን፣ አብረን ለቅሶ የደረስን ሰዎች ነን። ለልጇ የማኪናዋን ቁልፍ ይቅርና የቤቴን ቁልፍ ብሰጠው አላስብም። ማታ ማታም ማኪናዋን እኔ ግቢ አቁሞ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ነው ወደ ሰፈሩ ወደ አዲስ ዓለም የሚሄደው።

ትርፍ ሰው ትጭን ነበር ወይ ላልከው፣ አልዋሽህም፣ የደባርቅን መንገድ ታውቀዋለህ። ነፍሰ ጡር ሴት ቆማ እጇን ስታወዛውዝ እያየ ጥሏት የሚያልፍ ሹፌር ካለ እኔ አልቀጥረውም።

አያያዟ እንዴት ነበር ላልከው ደግሞ፣ እንደ ሙሽራ ነበረች በላቸው! ሳትታጠብ ግቢ ገብታ አታውቅም። ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት፣ መምሬ ወልደኢየሱስን ለምኜ መጥተው ጸሎት አድርሰውላታል። ተጠምቃለች፣ ጠጥታለች፣ መስቀልም ተሳልማለች። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላት?

ኃይልዬ፣ መቼም አንተ ታውቃለህ፤ የባለቤቴን የአዘዞ ቤት ሸጬ የገዛኋት ናት። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ። የሸጡልኝ የድርጅቱ ሰዎች ዓመት ሳይሞላት ከተበላሸች በነፃ እንጠግናለን ብለው ፈርመው ማኅተም መትተው የለ? እንግዲህ ቃላቸውን ይጠብቁ። በጭነት ማኪና ላይ ተጭና ወደ እናንተ ስትሄድ ቆሜ መሸኘት አልቻልኩም፤ ጎረቤት እንዳይታዘበኝ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ታላቅ እህትህ
ለተ ማርያም

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

እታለሜ፤

የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ የምጽፍልሽ ሸጋ ነገር አጥቼ ነው። ይቅር በይኝ። ደግሞ ማን እንደነገረሽ አላውቅም እንጂ አልተጣላሁም። እርግጥ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌያለሁ። ዘበኛው ክንዴን የያዘኝም ደረጃው ስለሚያዳልጥ ነው።

ማኪናዋን ከፈቷት። የዋስትና ክፍሉ ኃላፊ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ትሕትናው ከስድብ ይከፋል። ከናፍጣ ጋኗ የቀዳውን በብርጭቆ አድርጎ አሳየኝ፤ ከላይ ናፍጣ፣ ከሥር ውኃ። "ይኸውልዎ ጋሼ፣ የናፍጣውን ፖምፓ የበላው ይህ ነው" አለኝ። ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለት ሲሆን እንጂ ባለቤት ወይም ሹፌር ላደረሰው ጉዳት አይሠራም ነው የሚለው። "ውኃው ከማደያው መጥቶ ቢሆንስ?" አልኩት። "ታዲያ ከዚያው ማደያ የቀዱት ሌሎቹ ለምን አልቆሙም?" አለኝ።  ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ "አንዳንድ ሹፌሮች ናፍጣውን ቀድተው ይሸጡና እንዳይታወቅባቸው በውኃ ይሞሉታል። በየጊዜው የምናየው ነገር ነው" አለኝ።

እታለሜ፣ የሸምሲያ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ውኃው በእግሩ ሄዶ አልገባም። ጠይቂው። ለመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ለአያ ሐብተ ማርያምም የምርመራውን ውጤት ቅጂ ልኬላቸዋለሁ፤ ያሕያን ናፍጣ ሲሸጥ ያየ ሰው ካለ በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ። በዚህ በኩል ለዋናው ሥራ አስኪያጅ አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አባሪ የሌለውን ማመልከቻ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው አውቃለሁ። እኔ አባሪ በአባሪ ነው የማደርጋቸው።

አይዞሽ።
ወንድምሽ
ኃይለ ጊዮርጊስ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥር 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ኃይለ ጊዮርጊስ፤

ምነው ወንድሜ? ምነው ሳትነግረኝ?

ሰላም ሳልልህ በመጀመሬ ይቅርታ። የገና በዓል እንዴት አለፈላችሁ? እኔን አትጠይቀኝ።

ለአያ ሐብተ ማርያም የላክኸው ወረቀት ለእኔ ከጻፍከው ደብዳቤ ቀድሞ ነው የደረሰው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግን ደብዳቤ ሲመጣላቸው ሰው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ያን ዕለት ያነበበላቸው ትኬት ቆራጩ ነው፤ ድምፁን ደግሞ ታውቀዋለህ። ጠዋት ሦስት ሰዓት መናኸሪያ ተነበበ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፒያሳ ደረሰ፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዓለም ሸምሲያ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ አንዷ "ልጅሽ ውኃ ነጋዴ ሆነልሽ አሉ" አለቻት።

ጠይቂው ላልከኝ፣ ጠየቅሁት።

"ያሕያ፣ ልጄ፣ እንደው ተቸግረህ ከሆነ ንገረኝ። አልቆጣህም" አልኩት።

"እማማ ለተ፣ የረመዳን ጾም ላይ ነኝ" አለኝ። "ጾም ይዤ አልዋሽዎትም። ከናፍጣ በቀር ጠብታ ነገር አላስገባሁባትም። ሰው ያለውን ይበል፣ እርስዎ ካመኑኝ ይበቃኛል።"

አምንሃለሁ ማለት ነበረብኝ። አሁን ስጽፍልህ አፌ ላይ ድቅን ይላል። ያን ጊዜ ግን ያ የጻፍክልኝ ብርጭቆ ዓይኔ ላይ ቆሞ፣ "እንግዲህ ውኃው ከየት መጣ?" አልኩት።  ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየማኪና ባለቤቱ ደጅ ሄዷል። አንዱ "ሹፌር አለኝ" ይለዋል፣ አንዱ "ከበዓል በኋላ" ይለዋል፣ አንዱ ደግሞ ፊት ለፊቱ የጋኑን ክዳን ዳሰስ አድርጎ ሳቀበት። ሐሙስ ዕለት በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ወደ መተማ ሄደ። ዛሬ ሸምሲያን ገበያ አገኘኋትና "እንዴት አደርሽ?" አልኳት። የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ ቀጠለች።

 የማኪናዋ ነገርስ ለመሆኑ ተስፋ አለው ወይ? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

ለተ ማርያም

አዲስ አበባ
ጥር 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

እታለሜ፤

ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። እኔ እንዲጣራ ነው የፈለግሁት፤ እንዲህ መሆኑ ከቶ በሐሳቤ አልነበረም። ይህን ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ተስፋ አለው ወይ ላልሽኝ ግን ዛሬ አፌን ሞልቼ አለው እልሻለሁ። ለአምስት ሳምንት ሙሉ "ነገ ይመለሱ" እያለች ስታመላልሰኝ የነበረችው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ብርቱካን፣ ዛሬ በገዛ እጇ ወንበር ሳበችልኝ! አቤቱታዬን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንብቦታል። "ባለቤቷ ማኪናዋን በጥንቃቄ ይዛ እንደነበር ከተረጋገጠ፣ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ውኃ ደንበኛችንን አንቀጣም፤ ኮሚቴ ተቀምጦ በልዩ ሁኔታ ይየው" ብሎ መርቶበታል። ማኪናዋ ልትጠገን ነው ማለት ነው፣ እግዜር ካለ።

አባሪዎቼን ብታዪ! አባሪ አንድ የሽያጭ ውሉ። አባሪ ሁለት የዋስትናው ደብተር። አባሪ ሦስት ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ። አባሪ አራት ግን የሁሉም ራስ ነው፤ የኅዳሩ ያንቺ ደብዳቤ። "እንደ ሙሽራ ነበረች" የሚለውን አንብቦ ልቡ የማይራራ ኮሚቴ የለም። ትርፍ ሰው ስለመጫን የጻፍሽውን መስመር በነጭ ወረቀት ሸፍኜ ነው ፎቶ ኮፒ ያስነሣሁት፤ መቼም ሰው ነገር ካገኘ አይለቅም። የቀረው ሁሉ እንደ ወርቅ የነጠረ ነው።

ቀጠሮው የካቲት አሥራ አንድ ነው።

ኃይለ ጊዮርጊስ

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ፤

ጤናህን ያብዛልህ። ደብዳቤህን አንብቤ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ግቢ ውስጥ ማኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ሳር በቅሎበት ነበር፤ ዛሬ ነቀልኩት።

ስለ ሸምሲያ እንደሆነ፣ ለዒድ ስኳር ላኩላት፤ እንደታሰረ ተመለሰልኝ። ማኪናዋ ተሠርታ ስትመጣ ግን ያሕያን ራሴ መተማ ወርጄ ፈልጌ፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ያኔ ከንፈሬን ነክሼ የዋጥኩትን "አምንሃለሁ" ሰው ፊት እለዋለሁ። ብቻ አንተ የካቲት አሥራ አንድን በሰላም ተወጣልን። በሱባዔ ላይ ነኝ።

እህትህ
ለተ ማርያም

አዲስ አበባ
የካቲት 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

እታለሜ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ሰዎች ናቸው። አባሪ አንድ ሁለት ሦስት እየተገለበጡ አለፉ። አባሪ አራትን መሐንዲሱ ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ሰዎቹ ፈገግ እያሉ ነበር። ለሠርግ የምትሄደዋ ሴትዮ ላይ ሲደርስማ ሥራ አስኪያጁ ሣቀ። በልቤ ጨረስን አልኩ። መሐንዲሱ እያነበበ ሄዶ ሄዶ አንዲት ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ጋሼ፣ 'ጠጥታለች' ይላል። ምን ነው የጠጣችው?"

"ጠበል ነዋ!" አልኩ እየሣቅሁ። "እህቴ የቤተ ክህነት ሰው ሚስት ስለነበረች አነጋገሯ እንዲህ ነው። ተረጨች ማለቷ ነው።"

"መረጨቷንማ 'ተጠምቃለች' ብለው ጨርሰዋል። 'ጠጥታለች' ለምን ተጨመረ?"

እታለሜ፣ እኔም እንዳንቺ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደግሁ ነኝ። ጠበል የሄደ ሰው ይጠመቃል፣ ይጠጣል። ቃሏን መጀመሪያ ሳነብ በላይዋ አልፌባት ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ፊት ስትነበብ ግን ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ።  መሐረቤን አውጥቼ ስጠራርግ ሁሉም አዩኝ።

መሐንዲሱ አላላገጠብኝም፤ ቢያላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር። አማተበና፣ "ጋሼ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ጠበሉን አልነቀፍኩም። ፖምፓው ግን ውኃ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው" አለኝ። "ጠበል በዋስትናው ደብተር የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የተከለከለው?" ብዬ ተከራከርኩ። ምን ያልተከራከርኩት አለ! በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሳምንት ሰጠን። ባለቤቷ ራሷ በጽሑፍ እንድታብራራ።

እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ። በየት በኩል ጠጣች? ከመመለስሽ በፊት ግን አንድ ነገር አስቢ። "ከውጭ በኩል ተረጨች ማለቴ ነው" የምትል አንዲት መስመር ጽፈሽ ብትፈርሚ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ማኪናዋ ትሠራለች። ያሕያም እንደሆነ ሄዷል። እኔ ይህን አድርጊ አላልኩሽም።

ኃይለ ጊዮርጊስ

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ኃይልዬ፤

በየት በኩል ላልከኝ፣ በጎን በኩል።

መምሬ ወልደኢየሱስ ከውጭ ረጭተው ሄዱ። ያሕያ ምሳ ሊበላ ወጥቷል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጠበል ተርፎኛል። ሰው ገላው ብቻ ታጥቦ ሳይጠጣ ይመለሳል እንዴ? አልኩ ለራሴ። ያሕያ በየጠዋቱ ከፊት በኩል ውኃ ሲያጠጣት አያለሁ፤ ማኪና ውኃ እንደምትጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የፊተኛውን መክደኛ ለመክፈት ብታገል እንቢ አለኝ። የጎኑ በቁልፍ ሲከፈትልኝ፣ ከየትም ቢገባ መቼም ወደ አንድ ሆድ ነው የሚሄደው ብዬ ሁለቱንም ጠርሙስ አንቆረቆርኩላት። "እመቤቴ፣ በሊማሊሞ ጠብቂልኝ" እያልኩ ነው ያንቆረቆርኩት። ሊማሊሞ ሳትደርስ ቀረች እንጂ።

ለምን አልነገርሽኝም አትበለኝ። ነገርኩህ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ነገርኩህ። በብርጭቆ ስላየኸው ውኃ ስትጽፍልኝ እኔ የወንዝ ውኃ፣ የቧንቧ ውኃ ነው ያሰብኩት። ጠበልን ውኃ ብዬ ጠርቼው ስለማላውቅ፣ ያ ነገር ይህ ነው ብሎ ልቤ አልነገረኝም። መምሬን ሄጄ "በደልኩ ወይ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡና፣ "ለማኪና ይጠጣ የሚል አላነበብኩም፤ አይጠጣ የሚልም አላነበብኩም" አሉኝ። እንዲህ ያለውን ይዤ ወዴት ልሂድ?

አንዲት መስመር ጻፊ ላልከኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። አልዋሽህም፣ ብዕር አንሥቼ "ከውጭ በኩል" እስከሚለው ድረስ ጽፌ ነበር። ቤቴ ናት፣ እንጀራዬ ናት፣ ባለቤቴ የተወልኝ ነገር ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። ግን ውኃውን እኔ ካላስገባሁት ያሕያ ነው ያስገባው። ሌላ ሦስተኛ ሰው የለም። አንዲቷ መስመር ይህን ነው የምትለው።

ስለዚህ ያደረግሁትን እንዳደረግሁት ጽፌ ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ፤ ስጣቸው። እንደማይጠግኑልኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እምቢታቸውን በቃል እንዳይነግሩህ። በወረቀት ይጻፉት፤ ማን እንዳጠፋና ማን እንዳላጠፋ ይጻፉት፤ ማኅተም ይምቱበት። ይህን እንኳ አይከለክሉኝም።

ለተ ማርያም

አዲስ አበባ
መጋቢት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

እታለሜ፤

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ለሦስት ወር ጥገና ስለምናቸው የከለከሉኝ ሰዎች እምቢታውን ስለምናቸው በሃያ ደቂቃ ታይፕ አድርገው ሰጡኝ። ሁለት ማኅተም ነው ያለው፤ አንዱ የመሐንዲሱ ነው። እኔ ሳልጠይቀው መታልሽ።

ማኪናዋን ለመጠገን ከሚጠይቁት ይልቅ እንዳለች መሸጥ ይሻላል ብለሽ በአውቶቡስ ሹፌሩ አፍ ለላክሽብኝ፣ እየፈታ ዕቃዋን የሚሸጥ ሰው ተገኝቷል። ማክሰኞ ይወስዳታል። ከመሄዷ በፊት አይቻት እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፣ አልሄድኩም። አልቻልኩም።

ስለዚያ መናኸሪያ ስለላክሁት ወረቀት ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። አራተኛውን አንቺ እንደጻፍኩት ቁጠሪልኝ። ይኼኛውን ለማንም አልላክሁም፤ ላንቺ ብቻ ነው።

ኃይለ ጊዮርጊስ

ጎንደር፣ ቁስቋም
መጋቢት 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ጨጓራህን ጠብቅ። ይቅርታህን ቆጥሬልሃለሁ፤ የእኔንስ ማን እንደሚቆጥርልኝ እንጃ።

ወረቀቱን ምን እንዳደረግሁት ልንገርህ፤ ሸምሲያ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ስገባ ቀና ብላ አየችኝና "ምን ልሽጥልሽ?" አለችኝ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘረጋሁላት።

"ማንበብ እንደማልችል ታውቂያለሽ" አለችኝ።

"ላነብልሽ ነው የመጣሁት።"

አነበብኩላት። ዋስትናው እንደማይሠራ፣ ውኃው ወደ ነዳጁ ጋን የገባው በንብረቱ ባለቤት እንጂ በሹፌሩ አለመሆኑ እንደተረጋገጠ፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ። ስጨርስ ሸምሲያ ቀኑን ጠየቀችኝ፤ መጋቢት ዘጠኝ ይላል አልኳት።

"ልጄ ድንበሩን ከተሻገረ ወሩ ነው" አለችኝ። "ሱዳን ውስጥ ነው ይላሉ፤ አገሩን እንጂ ቦታውን የሚያውቅ የለም። ይህን ወረቀት ወዴት ልላከው?"

ምን ልበላት? አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም።

 ከዚያ በርጩማውን አንሥታ ከሱቁ ደጅ አድርጋ ተቀመጠችበትና፣ "እንግዲያስ እዚህ ቁሚና አንብቢው። ጮክ ብለሽ" አለችኝ። በጎን ያለችው የቅመም ነጋዴዋ ዐዚዛ ወጣች፤ ባለ ሱቆቹ አንድ አንድ እያሉ ወጡ፤ መንገደኛውም ቆመ። አነበብኩ። "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። "አሁንም" አለችኝ። በሦስተኛው "በንብረቱ ባለቤት" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

"ባለቤቱ ማነው? ስም የለውም? ስሙን አንብቢው እንጂ።"

ኃይልዬ፣ ወረቀቱ ላይ ስም አልጻፉም፤ የንብረቱ ባለቤት ብቻ ነው የሚለው። ዓይኔን ከጽሑፉ ሳላነሣ፣ "በንብረቱ ባለቤት በወይዘሮ ለተ ማርያም" ብዬ እንደተጻፈ አድርጌ አነበብኩት።

ሸምሲያ በርጩማዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ግቢ አላለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም።

እህትህ
ለተ ማርያም